መዋጥ ለተሳነው በሽተኛ፤ ለኢንዶስኮፕ ሕክምና ስለ መሰናዳትና ከሕክምናው በኋላ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ምግብ ከአፍ ተነሥቶ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት መንገድ የምግብ ቧንቧ ይባላል። ርዝመቱ በአዋቂ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአየር ቧንቧ በስተጀርባ አልፎ በደረት ውስጥ ይወርዳል። ግድግዳው የሚለጠጥ ጡንቻ ስለ ሆነ፣ ጤነኛ ሰው እንጀራውንም ሥጋውንም ሲውጥ እንዲህ ያለ መንገድ መኖሩን እንኳ አያስተውልም። በቧንቧው የውስጥ ገጽ ላይ ክፉ ዕባጭ ሲበቅል ግን መንገዱ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ይሄዳል፤ በሽተኛውም ማዕድ ቀርቦለት ይራባል።

ይህ በሽታ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። ነቀርሳ የሚለው ስም ለሳንባ በሽታም ስለሚነገር፣ አንባቢ እንዳይሳሳት በዚህ ጽሑፍ ካንሰር እያልን እንጠራዋለን። የትምህርታችን ዋና ጉዳይም የጠበበው መንገድ በኢንዶስኮፕ በሚከፈትበት ጊዜ፣ በሽተኛውና ቤተ ሰቡ አስቀድመውና ከዚያም በኋላ ማድረግ የሚገባቸው ነው። ሐኪሙ መንገዱን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፤ የተከፈተው መንገድ እንዳይደፈን የሚጠብቀው ግን የቤቱ ጥንቃቄ ነው።

በሽታው የሚበዛበት አገር

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ ጀምሮ በኬንያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪቃ በሚዘረጋው የምሥራቅ አፍሪቃ ምድር ከሌላው ዓለም ይልቅ በርከት ብሎ ይታያል። በአገራችንም ይልቁን በአርሲና በባሌ ደጋዎች የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ወደ ሆስፒታል ይመጣሉ። የአርሲ ሰው ከአሰላ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በአዳማ በኩል ያልፋል፤ ከሻሸመኔ በኩል የሚመጣውም በዝዋይ፣ ማለት በባቱ፣ በመቂና በሞጆ አድርጎ ይሄዳል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የሚኖር አስተማሪ ወይም ጸሐፊ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ «ምግብ አልወርድ አለኝ» ብሎ ምክር ሲጠይቀው የመጀመሪያው ሰው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ምክር የበሽተኛውን ዕድል ሊለውጥ ይችላል።

በሽታውን የሚያመጣው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። ትምባሆና የአልኮል መጠጥ ከታወቁት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። በአርሲና በባሌ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ገንፎን በጣም እየጋለ ከመብላት ልማድ ጋር ግንኙነት እንዳለው አመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ ቡናውም፣ ሻዩም፣ ገንፎውም ጥቂት በረድ እስኪል መታገሥ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ጥንቃቄ ነው።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሽተኛው ምራቁን መዋጥ አቅቶት ዘወትር ሲተፋ ያዩ ሰዎች ጽዋውንና ወጭቱን ሊለዩበት ያስባሉ፤ ይህ ሐሳብ ከንቱ ነው። መትፊያውን በክዳን መጠበቅና በየቀኑ ማጠብ ለንጽሕና ተገቢ ነው፤ በሽተኛውን ከማዕድ መለየት ግን በደዌው ላይ ኀዘን መጨመር ነው።

የመዋጥ ችግር ደረጃዎች

ሐኪሞች የመዋጥን ችግር ከ0 እስከ 4 በሚደርሱ ደረጃዎች ይለኩታል። ምግብን ሁሉ ያለ ችግር የሚውጥ ሰው በ0 ደረጃ ላይ ነው። ደረቅ ምግብ አንዳንድ ጊዜ የሚቸግረው በ1፣ ለስላሳ ምግብ ብቻ የሚውጥ በ2፣ ፈሳሽ ብቻ የሚወርድለት በ3 ደረጃ ላይ ይገኛል። የገዛ ምራቁን እንኳ መዋጥ የተሳነው ሰው 4ኛው ደረጃ ላይ ደርሷል።

በአገራችን ያለው ትልቁ ጉዳት ብዙ በሽተኞች ወደ ሐኪም የሚመጡት 3ኛው ወይም 4ኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ መሆኑ ነው። እንጀራ አልወርድ ሲል ወደ ገንፎ፣ ገንፎ ሲያስቸግር ወደ አጥሚት ይዛወራሉ። «እንጥሌ ወርዷል» ብለው የሚያስቆርጡም አሉ። በዚህ መካከል ወራት ያልፋሉ፣ ሰውነትም ይከሳል። እንግዲህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ ደረቅ ምግብ ለ2 ሳምንት ያህል እየተደጋገመ ደረት ላይ የሚቆምበት ሰው፣ በተለይም እየከሳ ከሄደ፣ ውሃ እስኪከለከል ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከዚያም የሪፈር ወረቀት ተቀብሎ ወደሚቀርበው ሆስፒታል ይለፍ።

ኢንዶስኮፕ ምንድን ነው?

ኢንዶስኮፕ በአፍ በኩል ገብቶ የምግብ ቧንቧንና የጨጓራን ውስጥ የሚያሳይ፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ያለው ተጣጣፊ መሣሪያ ነው፤ ውፍረቱም ከትንሽ ጣት አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1868 አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ሰይፍ እየዋጠ ትርኢት በሚያሳይ ሰው ጉሮሮ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ አሳልፎ የሆዱን ውስጥ ለማየት ሞክሮ ነበር። ዛሬ ለምናውቀው ተጣጣፊ መሣሪያ መነሻ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሲል ሂርሾዊትዝ በአሜሪካ፣ ብርሃን ከሚያስተላልፉ ቀጫጭን የመስተዋት ክሮች የተሠራውን ኢንዶስኮፕ ሥራ ላይ ማዋሉ ነው።

መሣሪያው ለዚህ በሽታ ሦስት አገልግሎት ይሰጣል። መጀመሪያ፣ ከዕባጩ ጥቂት ቁራጭ ይወሰድበትና በምርመራ ክፍል ካንሰር መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ካንሰሩ ገና በላይኛው ሽፋን ላይ ሳለ ከተገኘ፣ ሙያውና መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል ደረት ሳይከፈት በኢንዶስኮፕ ተልጦ ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ በሽታው ገፍቶ መንገዱ ከጠበበ፣ ስቴንት የሚባል ቱቦ ይገባበታል።

ስቴንት አብዛኛውን ጊዜ ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅልቅል እንደ መረብ የተሠራ ቱቦ ነው። ተጨምቆ ቀጭን ሆኖ ይገባና በጠበበው ስፍራ ሲለቀቅ በራሱ ኀይል ይከፈታል፤ ጨርሶ ሲከፈትም ስፋቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በኬንያ የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ሐኪሞች በመቶዎች ለሚቆጠሩ በሽተኞች ስቴንት አስገብተው ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል፤ ሥራቸውም ይህ ሕክምና ሀብት ባነሰበት አገር ሊሠራበት እንደሚችል አሳይቷል።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ስቴንት የተዘጋውን መንገድ ይከፍታል እንጂ ካንሰሩን አያጠፋም። በቀዶ ሕክምና፣ በመድኀኒት ወይም በጨረር መዳን የሚችል በሽተኛ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚመረምረው ሐኪሙ ነው። ይህ ማለት ግን ስቴንት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ውሃ ተከልክሎ የነበረ ሰው ጠጥቶና በልቶ፣ ከልጆቹ ጋር ማዕድ ተቀምጦ መዋል ከቻለ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ከሕክምናው በፊት የሚደረግ መሰናዶ

1ኛ፤ ወረቀቶችን መሰብሰብ። የሪፈር ወረቀቱን፣ የራጅና የሲቲ ስካን ምስሎችን፣ የደምና የቁራጭ ምርመራ ውጤቶችን ሁሉ በአንድ ኤንቨሎፕ አድርጎ መያዝ ይገባል። የጤና መድን አባል የሆነም የአባልነት መታወቂያውን አይርሳ። ይህ ሕክምና በየከተማው አይገኝምና፣ በአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም በአሰላ ሆስፒታል የታየ በሽተኛ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል። የተላከበት ሆስፒታል ስቴንቱ መኖሩንና የቀጠሮውን ቀን አስቀድሞ ማረጋገጥ የከንቱ ጉዞን ድካም ያድናል።

2ኛ፤ እውነቱን ለሐኪሙ መንገር። የስኳር፣ የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የአስም በሽታ ያለበት፣ መድኀኒት የማይስማማው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሁሉም አስቀድመው ይናገሩ። ደም የሚያቀጥን መድኀኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ማቋረጥም ሳይናገር መቀጠልም የለበትም፤ ሐኪሙ የሚወስነውን ይጠብቅ። ኢንሱሊን የሚወስድ በሽተኛም ጾሞ በሚያድርበት ቀን ምን ያህል መውሰድ እንዳለበት ይጠይቅ።

3ኛ፤ ሰውነትን ማበርታት። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ የሚወርድለትን ፈሳሽ ሁሉ በየሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይገባል፤ የተፈላ ወተት፣ ቀጭን አጥሚት፣ የተጣራ የሥጋ ሾርባ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ ይስማማዋል። ምንም የማይወርድለት፣ ሽንቱ የጠቆረና ያነሰ በሽተኛ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ሄዶ በደም ሥር ፈሳሽ ማግኘት አለበት።

4ኛ፤ የመጨረሻው ቀን ጾም። ከጠበበው ስፍራ በላይ ምግብ ተጠራቅሞ ስለሚቆይ፣ ከሕክምናው በፊት ባለው ቀን በሽተኛው ፈሳሽ ብቻ መውሰድ ይገባዋል። ከሕክምናው በፊት ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ ደግሞ ወተትም ሆነ አጥሚት አይወስድም። ቀጠሮው ከጧቱ 3 ሰዓት ቢሆን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ምንም አይቅመስ ማለት ነው። ውሃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ የሚወስነው ሆስፒታሉ ነው፤ ረዘም ያለ ጾም ካዘዘም ትእዛዙ ይፈጸም። ዘመዶች በርኅራኄ ተሸንፈው በስውር የሚያጠጡት ወተት ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድለው ይችላል።

5ኛ፤ ለበሽተኛው መንገር። ክፉ ወሬን ከታመመ ሰው መሸሸግ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ምን እንደሚደረግለት ያላወቀ ሰው ፈቃዱን ሊሰጥ አይችልም፤ ከዚያም በኋላ ስለ አበላሉ የሚነገረውን አይጠብቅም። ሐኪሙ ከቤተ ሰቡ ጋር ሆኖ፣ በሽተኛው ሊሰማ በሚፈልገው መጠን፣ በሚያውቀው ቋንቋ ያስረዳው። አማርኛ የማይሰማ ሽማግሌ እንደ ሆነ ኦሮምኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ይቁምለት።

በሕክምናው ቀን

በሽተኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ያወልቃል፤ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለውም ለነርሷ ይናገራል። ጉሮሮው በሚያደነዝዝ መድኀኒት ይረጫል፤ የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መርፌም ይሰጠዋል። በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ መሣሪያው እንዳይነከስ በጥርሱ መካከል ቀለበት ይደረግለታል። መሣሪያው የሚያልፈው በምግብ ቧንቧ እንጂ በአየር ቧንቧ ስላልሆነ ትንፋሹ አይዘጋም፤ ይህን አስቀድሞ ያወቀ በሽተኛ ብዙ አይደነግጥም።

ከሕክምናው በኋላ መድኀኒቱ እስኪለቀው ድረስ በክትትል ይቆያል። ቀኑን ሙሉ መኪና መንዳት፣ ብቻውን መንገድ መሄድ፣ ውል መፈረም የለበትም። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ አስታማሚ አብሮት ይሁን። ከሩቅ የመጣ ሰውም በዚያው ዕለት የአርሲን ወይም የባሌን መንገድ ከሚጀምር፣ ሐኪሙ እስኪያሰናብተው ሆስፒታሉ አጠገብ ቢያድር ይሻላል።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

ስቴንቱ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ከ1 እስከ 3 ቀን ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ደረት ላይ የመጫንና የመወጠር ሕመም ይሰማል፤ ሐኪሙ ባዘዘው ማስታገሻ እየቀለለ ይሄዳል። ምግቡም በደረጃ ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን፣ የጉሮሮው መደንዘዝ ከለቀቀና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ውሃን በጥቂቱ ይጎንጭ፤ ሳያስለው ከወረደለት ሌላ ፈሳሽ ይጨመርለታል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን አጥሚት፣ እርጎ፣ ቀጭን ሽሮ፣ የተፈጨና የተወቀጠ ሾርባ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በሐኪሙ ፈቃድ ወደ ለስላሳ ምግብ ይሸጋገራል። የተፈጨ ድንች፣ አቮካዶ፣ የበሰለ ፓፓያና ሙዝ፣ ለስላሳና ለብ ያለ ገንፎ፣ እርጥብ ሆኖ የተጠበሰ እንቁላል፣ እሾሁ አንድ ሳይቀር ተለቅሞ የደቀቀ የዝዋይ ዓሣ ይስማሙታል። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣው ፍራፍሬ በገበያችን ስለማይጠፋ፣ ይህ ምግብ ለከተማ ሰው ሩቅ አይደለም።

የሚከለከሉትም ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቂጣ፣ ድርቆሽ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ጥሬ ሥጋና ጥብስ፣ ጥሬ ጎመንና ሰላጣ፣ የብርቱካን ቃጫ ናቸው። እንጀራም በአፍ ውስጥ እየተጠቀለለ ስለሚወርድ ቱቦውን ሊደፍን ይችላል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ በቀጭን መረቅ በደንብ ርሶና ደቅቆ፣ በትንንሽ ጉርሻ ይበላ። በፍቅር የሚጎረስ ትልቅ ጉርሻ ለዚህ በሽተኛ አደጋ ነው፤ ፍቅራችንን በትንሽ ማንኪያ እንግለጽለት። ጫት ካንሰሩን ያመጣል የሚለው ክርክር ቢቆይም፣ ቅጠሉ ቱቦውን መድፈኑ ስለማያጠራጥር ፈጽሞ መተው አለበት።

በሚበላበት ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ በቀን 3 ጊዜ ብዙ ከመብላት 6 ጊዜ ጥቂት ይብላ፤ ደጋግሞ ያላምጥ፤ በየመካከሉም ፈሳሽ ይጎንጭ። ከምግብ በኋላ ለብ ያለ ውሃ ወይም፣ ሐኪሙ ካልከለከለ፣ ጥቂት የአምቦ ውሃ መጠጣት ቱቦውን ያጥባል። ከበላ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት አይጋደም። ስቴንቱ የጨጓራውን በር አልፎ የተቀመጠ እንደ ሆነ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ስለሚመለስ፣ የአልጋው ራስጌ እግሮች በጡብ ከፍ ይደረጉ፤ ሐኪሙ የሚያዘውንም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኀኒት ሳያቋርጥ ይውሰድ።

የወጥ ቤቱ ንጽሕና ደግሞ አይረሳ። የደከመ ሰውነት በተቅማጥ ፈጥኖ ይጎዳል፤ ስለዚህ ወተቱ ይፈላ፣ የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ ይሁን፣ መፍጫውና ወንፊቱ በየጊዜው በሳሙና ይታጠቡ፣ የምታበስለውም እጇን ትታጠብ። በሽተኛው ከምግብ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ፣ ጥርሱንም በለስላሳ ብሩሽ ያጽዳ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል የሚያስሄዱ ምልክቶች

እየባሰ የሚሄድ ወይም ወደ ጀርባ የሚወጋ የደረት ሕመም፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤ የትንፋሽ ማጠር፤ አንገት አብጦ ሲነካ ከቆዳው በታች የመንሿሿት ስሜት፤ ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ በጠጣ ቁጥር ትን ማለትና ማሳል፤ የሚወርድ የነበረው ምግብ ዳግመኛ መቆም። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ያስፈልጋል።

ምግብ ቢደፍነው በሽተኛው መብላቱን ያቁም፤ ተነሥቶ ይቁም፣ ጥቂት ይንሸራሸር፤ ምራቁ የሚወርድለት ከሆነ ለብ ያለ ውሃ በጥቂቱ ይጎንጭ። ጣት ከቶ ማስታወክ፣ በሌላ ጉርሻ ገፍቶ ለማስወረድ መሞከር ክልክል ነው። ካልተከፈተለት ሐኪም በኢንዶስኮፕ ያጸዳዋል። ካንሰሩ በቱቦው ጫፍ ቢያድግ ወይም ቱቦው ከስፍራው ቢንሸራተትም እንደ ገና ሊረዳ ስለሚችል፣ «አንድ ጊዜ ታክሟል፤ አበቃ» ብሎ ቤት ማስቀረት ስሕተት ነው። የስቴንቱ ዓይነትና የገባበት ቀን የተጻፈበት ወረቀትም ከበሽተኛው አይለይ።

ስለ ጾምና ስለ ጸሎት

በአዳማና በአካባቢው ከተሞች የክርስትናና የእስልምና አማኞች በአንድነት ይኖራሉ፤ በሽተኞችም ጾም በገባ ጊዜ ይጨነቃሉ። በእስልምና ሕግ የታመመ ሰው ከረመዳን ጾም ፈቃድ ያለው ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ ወተትና እንቁላል እንዲወስድ ይፈቀድለታል። ጠበል የሚጠጣም ቢኖር፣ ጠበሉ ቀጠሮውን እንዳያስረሳው፣ መድኀኒቱንም እንዳያስተወው ዘመዶቹ ይርዱት። የሃይማኖት አባቶች «ሂድ፣ ታከም፣ ብላ» ቢሉት፣ ቃላቸው ከሐኪም ትእዛዝ ይልቅ በፍጥነት ይሰማል።

የአስተማሪዎች ድርሻ

አስተማሪዎች ሆይ፣ ተማሪ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው አንድ ቃል የአያቱን ሕይወት ሊያስረዝም ይችላል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ አቅርባችሁ፣ መልሳቸውን ልጆቹ ለቤተ ሰባቸው እንዲነግሩ አድርጉ።

1. ቡናና ገንፎ በጣም እየጋሉ መወሰድ የሌለባቸው ስለ ምንድን ነው?
2. እንጀራ ለ2 ሳምንት ያህል ደረቱ ላይ እየቆመ የሚያስቸግረው ሰው ወዴት መሄድ ይገባዋል? ውሃ እስኪከለከል ቢጠብቅ ምን ይጎዳዋል?
3. ስቴንት ምን ይሠራል? የማይሠራውስ ምንድን ነው?
4. ከሕክምናው በፊት በስውር የሚሰጥ ወተት የሚያደርሰው አደጋ ምንድን ነው?
5. ስቴንት የገባለት ሰው የሚስማሙትን 5 ምግቦች፣ የሚከለከሉትንም 5 ምግቦች ቁጠሩ።
6. በሽተኛውን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል የሚያስሄዱ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?